ከሳማው ሥር የተወሰደ አፈር

መጋቢት ሃያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ድልድዩ አጠገብ ሦስት የኖራ ዘቦች ተገደሉ። ሁለቱን ማን እንደገደላቸው አላውቅም። ሦስተኛውን የገደለው ባሌ ገዳሙ ነው።

የኖራ ጭነት ወደ መንደራችን ወደ ገመገም የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ነው። በ2063ም እንደ ወትሮው ስድስት መኪና መጣ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ መኪኖቹ እየተንፏቀቁ ያልፋሉ፤ ሲሚንቶ ውስጥ ኖራ አይጠፋም እያለ ሰው ግንቡን በመዶሻ ፈልፍሎ ወስዶ ብረቱን ብቻ አስቀርቶታል። አሥራ ሁለት የመንደራችን ወንዶች የመጨረሻውን መኪና እዚያ አድፍጠው ጠበቁት። ዘቦቹ ጠመንጃ ነበራቸው። የእኛዎቹ ገጀራና በላስቲክ የቋጠሩት ትኩስ ኖራ ነበራቸው። ትኩስ ኖራ ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ዐይን ደግሞ ውኃ ነው። ጠመንጃዎቹ አንዴ ብቻ ተኮሱ።

ገዳሙ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ኩንታል በበቅሎ ጭኖ ገባ። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ተላልጧል። ላጥብለት ውኃ ሳነሳ ጮኸብኝ።

«ውኃ አይደለም! መጀመሪያ በጨርቅ አራግፊልኝ፤ ከዚያ ዘይት።»

አራገፍኩለት፤ ዘይት ቀባሁት። የሚንቀጠቀጠው ከሕመሙ የተነሣ መስሎኝ ነበር።

«አንዱ ዘብ ዐይኑን ይዞ ወደ እኔ መጣ» አለኝ። «ወደ እኔ፣ አንጓች! ኖራውን የበተንኩበት እኔ መሆኔን የት አይቶ። ‹ወንድሜ፣ ውኃ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ገጀራው እጄ ላይ ነበር።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱን ኩንታል ጓሯችን ላይ በትነን፣ ስንዝር ያህል እየቆፈርን ከአፈሩ ጋር ቀላቀልነው። ጆንያዎቹን ቀዳደን ፍራሽ ውስጥ ከተትናቸው። በነጋታው ያ ፍራሽ ላይ ተኝተን ሁለታችንም አስነጠሰን።

ለምን እንዲህ አደረጋችሁ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ጓሯችን ባለፈው ኅዳር ሲለካ አራት ነጥብ ሁለት ወጣ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሩ ኮምጣጣ ነው፤ ከፍ የሚያደርገው ኖራ ነው። ከአምስት በታች ሁለት ዓመት ተከታትሎ የወጣ ጓሮ ይታሸጋል፤ ባለቤቶቹም ቆላ ወርደው ይሰፍራሉ። ቆላ ከወረዱት አንድም ሰው ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። የእኛ ሁለተኛው ልኬት በሚመጣው ኅዳር ነበር። የሚሰጠን ኖራ ደግሞ በጓሮ ስፋት ስለሆነ አንዲት ጆንያ ብቻ ናት፤ ለእኛ አፈር ምራቅ መትፋት ማለት ነው። ይህን በደንብ የማውቀው የገመገም አፈር ለኪ እኔ ስለሆንኩ ነው።

ገመገም ውስጥ እርሻ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። ማሳው ኮምጥጦ ኮምጥጦ ሣር እንኳ እንቢ ብሏል። የቀረን ጓሮ ነው፤ ጎመን፣ ድንች፣ ጥቂት ገብስ። የእንቁላል ቅርፊት የሚጥል ሰው የለም። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ብቻ ሳይሆን ዘብም ያወጣል፤ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ መቃብሩን ሁለት ሁለት ሰው በየተራ ይጠብቃል፤ አጥንት ተፈጭቶ ለጎመን ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃልና። ከሙት ዓመቱ በኋላ ለሚሆነው እድሩ ኃላፊነት የለበትም። ደንቡ ላይ ተጽፏል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ አያ ውበቱ ናቸው። ከእኔ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ለኪ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ጓሯቸው ወስደው መውጊያውን ብረትና መለኪያውን አስያዙኝና እንዲህ አሉኝ።

«አንድ ጓሮ አሥራ አምስት ቦታ ትወጊያለሽ፤ እንዲህ እየተጥመዘመዝሽ። አሥራ አምስቱን ባልዲ ውስጥ ቀላቅለሽ አንድ ጭብጥ ትለኪያለሽ። ዛፍ ሥር አትውጊ። በረት አትውጊ። ከሁሉ ከሁሉ አመድ መድፊያ አትውጊ። አመድና ኖራን ይኼ ዕቃ አይለያቸውም።»

«ምን ይለያቸዋል ታዲያ?»

«ይኼ» አሉና ምላሳቸውን አውጥተው አሳዩኝ። አመድ የገባበት አፈር ጨው ጨው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። ኖራ ግን አፍ ያደርቃል፣ ይለበልባል። አያ ውበቱ አፈር ቀምሰው ቁጥሩን ይናገሩ ነበር፤ መለኪያው ያንኑ ሲያወጣ «ከእኔ ሰምቶ ነው» እያሉ ያሾፉበታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጓሮ ቀምሰው አንድም ሰው አልበደሉም። ስለ እኔ እንዲህ የሚል ሰው አይኖርም።

የአመድ መድፊያውን ነገር አሁኑኑ ልናገር፤ ኋላ የመጣው ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው። በእኛ ዘንድ ሙሽራ በገባች በሦስተኛው ቀን አማቷ ጓሮ ይዛት ወጥታ አመድ የሚደፋበትን ቦታ ታሳያታለች። ቦታው አይቀየርም። አመድ ከአጥር ውጭ አይጣልም፤ የቤቱ በረከት አብሮ ይወጣል ይላሉ። እንጨት ማንደድ ከተከለከለ ሃያ ዓመት ስላለፈው አሁን አመድ በዐይን አይታይም። ዝናብ አስርጎታል፤ ላዩ ላይ ሳማ በቅሎበታል። ለእንግዳ ሰው ሳማ ሳማ ነው። የአያ ውበቱ ሳማ ግን የሦስት አማቶች ምድጃ እንደሆነ፣ ካገባሁ ጀምሮ በአጥሩ ቀዳዳ ሳየው የኖርኩ እኔ አውቃለሁ።

መጋቢት ሃያ ሁለት ቀን የዘቦቹ አዛዥ ሻምበል ተመቸ አርባ ሰው ይዞ መጣ። የሞቱትን ሦስቱን ሳይሸፍን መኪና ላይ አጋድሞ በኖራ መጋዘኑ ፊት ሰበሰበን። ፊታቸው ነጭ ነበር። ሻምበሉ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እንደ መምህር ነው የሚናገረው።

«አውጡ አልላችሁም» አለ። «ይኼን ጊዜ አፈር ውስጥ ገብቷል። እኔም የምጠይቀው አፈሩን ነው። ከስድስት በላይ የወጣበት ጓሮ ባለቤት ሌባ ነው። ለኪዋ የት አለች?»

ወጣሁ።

«አንድ ጓሮ፣ አንድ ቦታ» አለኝ።

«ደንቡ አሥራ አምስት ቦታ ነው።»

«መቶ አርባ ጓሮ አለ። ሦስት ሬሳም አለ፤ ይሸታል። አንድ ቦታ።»

የኖራ ሌባ ቅጣቱ ኖራ ነው። ደንቡን ማን እንዳወጣው አሁን የሚያስታውስ የለም። እስከ አንድ ኩንታል ለሰረቀ አንድ ዐይን፣ ከዚያ በላይ ሁለቱም። እኔ ለኪ ከሆንኩ ወዲህ አራት ሰው ሲቀጣ አይቻለሁ። አንዱ አሁን የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው።

ከታችኛው ሰፈር ጀመርን። እኔ እወጋለሁ፣ እለካለሁ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። አራት ነጥብ ሦስት። አራት ነጥብ ስድስት። ሰባተኛው ቤት ላይ ስንደርስ ባለቤቱ አጥር ዘሎ ሮጠ። ተኮሱበት፤ የጎረቤቱ ድንች መደብ ላይ በግንባሩ ተደፋ። አፈሩን ስለካው አራት ነጥብ አራት ወጣ። ሻምበሉ ቁጥሩን አየና «ታዲያ ምን አስሮጠው?» አለ። ሚስቱ ስትጮህ አንድ ዘብ አፏን በእጁ አፍኖ ያዘልኝ፤ ቁጥሩ እንዲሰማ።

ስድስት ሰዓት ገደማ አያ ውበቱ ጓሮ ደረስን። ከእሳቸው ቀጥሎ የእኔ ነው። አጥሩ ማዶ ገዳሙ በዚያ ሐሩር እጅጌው ረዥም ካፖርት ለብሶ ቆሟል። ጓሯችን ሁለት ኩንታል ትኩስ ኖራ ይዟል። የትም ቢወጋ ይጮሃል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እኔው ራሴ ወግቼው እኔው ራሴ ቁጥሩን ልናገር ነው።

አያ ውበቱ በረንዳቸው ላይ ቆመው ነበር። «አሥራ አምስት ቦታ አይደለም እንዴ፣ አንጓች?» አሉኝ፤ እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው። በእኔ እያሾፉ ነበር።

እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን እግሬም ሄዷል። ከጎመኑ መደብ አልፌ፣ ከድንቹ አልፌ፣ ጥግ ላይ ካለው ሳማ ድረስ ሄድኩ። ሳማው ቁርጭምጭሚቴን ለበለበኝ። ብረቱን ሰካሁት፤ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ገባ።

ሰባት ነጥብ አንድ።

ቁጥሩን ስናገር የአያ ውበቱ ፈገግታ ገና ፊታቸው ላይ ነበር። መጀመሪያ የገባቸው ሚስታቸው እቴ አትጠገብ ናቸው።

«አመድ መድፊያችን ነው!» ብለው ከቤት ሮጠው ወጡ። «አማቴ ያሳየችኝ አመድ መድፊያ! ጌታዬ፣ ሌላ ቦታ አስወጋው! ሌላ አንድ ቦታ ብቻ!»

ሻምበሉ ሳማውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ለኪዋ። አመድ መድፊያ ነው?»

አያ ውበቱ ያዩኛል። እቴ አትጠገብ ያዩኛል። ገዳሙ ከአጥሩ ማዶ ያየኛል።

«አይደለም» አልኩ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ቅጣቱ በመጋዘኑ ፊት ተፈጸመ። ሕዝቡ እንዲቆም ግድ ነው። ሁለት ዘቦች የአያ ውበቱን እጆች ያዙ፤ አንዱ ጭንቅላታቸውን በጉልበቱ አጣብቆ የዐይናቸውን ቆብ በአውራ ጣቱ ገለጠ። የሾርባ ማንኪያ ነው የሚጠቀሙበት። ለአንድ ዐይን አንድ ማንኪያ። ከዚያ አንድ ዘብ ጮክ ብሎ እስከ መቶ ይቆጥራል፤ መቶ ሳይሞላ ውኃ አይሰጥም። አያ ውበቱ አልጮኹም ብል በወደድኩ። ጮኹ። ስልሳ ላይ ሲደርስ ጩኸታቸው ቆመና መላ አካላቸው ብቻ ይፈራገጥ ጀመር። ዘቡ አንድ ቁጥር ሳይዘል መቶ አለ።

እቴ አትጠገብ አላለቀሱም። ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ እኔን ሲያዩ ነበር።

ሻምበሉ ለዚያ ቀን አንድ ሌባ ስለበቃው የእኔ ጓሮ አልተለካም። ማታ ገዳሙ ራት አልበላም። «እኔን መስጠት ነበረብሽ» አለኝ።

«ነበረብኝ» አልኩት። «አላደረግኩትም። አሁን ብላ።»

አልበላም። ከዚያ ቀን ጀምሮም ፊት ለፊት አይቶኝ አያውቅም። ሲያናግረኝ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ያተረፍኩለት ዐይን ለእኔ አልሆነም፤ በዚህ ተናድጃለሁ፤ አሁንም እናደዳለሁ።

የአያ ውበቱ ጓሮ ታሸገ። እሳቸውን ግን ቆላ አልሰደዷቸውም። ሻምበሉ የምላሳቸውን ነገር ሰምቶ ኖሮ ቀማሽ አደርጋቸዋለሁ ብሎ ዘቦቹ ሰፈር ወሰዳቸው። እቴ አትጠገብ ከታሸገው ጓሮ ፊት ለፊት ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። በማግሥቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ደጃፌ ላይ አንድ ጭብጥ አፈር አገኘሁ። ግራጫ፣ ልስልስ ያለ። ምላሴ ላይ አደረግኩት። ጨው ጨው ይላል።

በየጠዋቱ አንድ ጭብጥ። ማሸጊያውን ጥሶ የገባ ይረሸናል፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ሳማው ውስጥ ገብተው እየዘገኑ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና እጃቸውን አየሁት። በሳማው ተለብልቦ እስከ ክንዳቸው አብጧል። «እንደምን አደሩ» አልኳቸው። ባዶ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሰው አለፉኝ። ገዳሙ በየጠዋቱ ከእኔ ቀድሞ እየተነሣ ያንን አፈር ጠርጎ የት እንደሚያደርገው አልነግር አለኝ።

ግንቦት ገባ፤ ዝናቡም ጀመረ። ጓሯችን በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀውን ጎመን አወጣ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዱ ትሪ ያክላል። ሰው በአጥሩ ሲያልፍ ቀስ ይላል። ማታ ማታ ትልልቁን ቅጠል እየቆረጥኩ እቀብር ነበር።

ሻምበሉ ከሳማው ሥር ወገብ ድረስ አስቆፍሮ አንድ ማንኪያ ኖራ አላገኘም። ተሳስተናል አላለም፤ ሌላ ሌባ አለ ነው ያለው። ሊመጣ መሆኑን ስሰማ መለኪያውን ወስጄ ጫፉን ድንጋይ ላይ አድርጌ በሙቀጫ ዘነዘና ቀጠቀጥኩት። ዕቃ ከሌለ ልኬት የለም ብዬ ነበር። ያን ያህል ነው የአስተሳሰቤ ርዝመት።

«ዝናብ አበላሸው» አልኩት ሻምበሉን።

መለኪያውን አገላብጦ አየው። ከዚያ ለዘቡ ምልክት ሰጠው፤ ዘቡም በሰደፍ አፌን መታኝ። ሁለት ጥርስ መሬት ላይ ወደቀ። ሻምበሉ ድምፁን ሳይቀይር «ግድ የለም፤ ምላስ አለን» አለ።

አያ ውበቱን ከመኪናው አወረዷቸው። ወገባቸው ላይ ገመድ ታስሯል፤ ጫፉን አንድ ዘብ ይዟል። ሁለቱ ዐይኖቻቸው እንደ ተላጠ እንቁላል ነጭ ሆነዋል። የመጀመሪያው ጓሮ የእኔ ነበር፤ ጎመኑ ጠርቷቸዋል።

ገዳሙ በሩ ላይ ቆሟል። ካፖርቱን አልለበሰም። እጁ ላይ ያለው ጠባሳ ለማንም ይታያል።

አያ ውበቱ እየተደናበሩ ጎመኑ መሐል ገቡ። መንገዱን አልሳቱትም፤ ይህን ጓሮ ሃያ ሁለት ዓመት ወግተውታል። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቆፈሩ፤ አንድ ቁንጣሪ አፈር አነሡና አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ቶሎ አልተፉትም። አኘኩት። የከንፈራቸው ጥግ ነጭ ሲሆን አየሁ። በደንብ ያልሟሟ ኖራ አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚያደርግ እኔ ቀምሼ አውቀዋለሁ።

«ምንድን ነው፣ ሽማግሌ?» አለ ሻምበሉ። «ኖራ ነው ወይስ አመድ?»

አፌ ደም ሞልቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ዘቡ ማንኪያውን ከነከረጢቱ ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ለሁለት ኩንታል ሁለት ዐይን ነው። ይህን አያ ውበቱ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«አመድ ነው» አሉ።

ሻምበሉ ሳቀ። «እዚህ አገር አመድ ያልተደፋበት ቦታ የለም ማለት ነው?»

«በየጓሮው አለ።»

«የአንተስ? ያኔ ሚስትህ ስትጮህ የነበረው እውነት ነበር?»

«ያኔ ምላሴን የጠየቀ ሰው የለም» አሉ አያ ውበቱ። «የተጠየቀችው ለኪዋ ናት።»

ሻምበሉ እኔን አየኝ፤ ከአጥሩ ማዶ የተቆፈረውን የሳማ ቦታ አየ። ከዚያ እጁን አራገፈና «ያለፈው አልፏል፤ ወደሚቀጥለው» ብሎ ከዘቦቹ ጋር ወጣ። ገመዱን የያዘው ዘብ ብቻ ቀረ፤ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሏል።

«አንጓች» አሉኝ አያ ውበቱ። ድምፃቸው ደርቋል። «ውኃ።»

ቃሉን ሲሰማ ገዳሙ ከበሩ ተነቀለ። ቤት ገብቶ በጣሳ ሞልቶ አመጣ፤ እኔ እጄን ስዘረጋ አልሰጠኝም። ራሱ ወስዶ እጃቸው ላይ አስያዛቸው። ተጉመጥምጠው ተፉ፤ ነጭ ነው የተፉት። ጣሳውን ሲመልሱ ጣታቸው የገዳሙን እጅ አገኘ። ለቀቅ አላደረጉትም። ከመዳፉ ጀምረው እስከ ክርኑ ድረስ ጠባሳውን አፈር እንደሚዳስሱ አድርገው ዳሰሱት።

«ገዳሙ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

«ታያለህ?»

«አያለሁ» አለ ገዳሙ።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«እሺ» አሉና ፊታቸውን ወደ እሱ ቀና አደረጉ። «እንግዲያው እየኝ።»

ገዳሙ አያቸው። ዘቡ ክሩን አስሮ ጨርሶ ገመዱን ስቦ እስኪወስዳቸው ድረስ አያቸው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር።